የግራዝማች ጥሩነህ ሰባት ቤት

የአገሬ ሰው ድራማ አያይም። ካላመናችሁኝ ጠይቁት። «እኔ እንኳ ዜና ልሰማ ተቀምጬ ነው» ይላችኋል። «ልጆቹ ከፍተውት ነው» ይላችኋል። «ሪሞቱ ጠፍቶብን ነው» ያለኝም አለ። እንግዲህ ማንም የማያየው ድራማ በሚተላለፍበት ሰዓት የቢቸና መንገድ ጭር የሚለው ለምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። መሀል ላይ መብራት ድርግም ካለማ፣ ያ የማያይ ሕዝብ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ትራንስፎርመሩን ከነዘር ማንዘሩ ሲራገም ትሰሙታላችሁ።

እኔ አያለሁ። ይኸው ተናገርኩ፤ የመጣው ይምጣ። የድራማውን ስም ግን አልጠራም፤ ደራሲው ሰምቶ «ሰዎቼን ማንን አስፈቅደህ ነው ፕላስቲክ ያለበስካቸው?» ብሎ እንዳይመጣብኝ። ታሪኩ በጃንሆይ ዘመን የሆነ ነው። አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ይዋደዳሉ፤ ግራዝማች ጥሩነህ የሚባሉ ትልቅ ባርኔጣ የሚደፉ ሰውዬ ደግሞ የእነዚህን ልጆች ሠርግ ለማፍረስ እንቅልፍ አጥተዋል። ጥሩነህ ብሎ ስም ያወጣላቸው ሰው ምን አይቶ እንደሆነ እንጃ። ሳያቸው ደሜ ይፈላል። አንድ ሳምንት ሳይታዩ ካለፉ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይናፍቁኛል።

እንጀራዬ ፎቶ ኮፒና ላሚኔት ነው። ቢቸና ውስጥ መታወቂያ፣ ዲፕሎማ፣ የመልአክ ሥዕል፣ ምን አለፋችሁ፣ ፕላስቲክ የሚለብስ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ሰላምን ያገኘኋትም በዚሁ ነው። የሞጣ ልጅ ናት፤ አዋላጅ ነርስ ሆና ቢቸና ተመድባ መጣችና ዲፕሎማዋን ይዛ ሱቄ ገባች። ማሽኑ እስኪሞቅ ተጫወትን። ማሽኑ ከሞቀ በኋላም ተጫወትን። በመጨረሻ ዲፕሎማውን ላሚኔት ማድረጉን ረስቼ እንዲያው ሸኘኋት። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። እሷ ረስታ ሳይሆን ሆን ብላ ዝም ብላኝ እንደሄደች የነገረችኝ ቆይታ ነው።

ሰላም ከዩኒቨርሲቲ ይዛው የመጣችው አንድ ዓመል አላት፤ የውጭ አገር የካርድ ጨዋታ። ካርታ እንዳትሉት። ንጉሥና ንግሥት የለበትም፤ ቁማርም የለበትም። እያንዳንዱ ተጫዋች ካርድ ይሰበስባል፣ ከሌላው ጋር ይለዋወጣል፣ ከሰበሰበው መርጦ የራሱን ጦር ያደራጃል። ያ የተመረጠ ጦር «ዴክ» ይባላል። ካርዱ ላይ አንድ ፍጡር አለ፤ ጉልበቱና ብልሃቱ በቁጥር ተጽፎለታል። የሰላም ዴክ ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ፣ እሳት የሚተፋ ድመት፣ ስሙን ልጥራ ቢሉት ምላስ የሚያስር ጭራቅ የሞላበት ነበር። በተጫወትን ቁጥር ዘንዶው ይበላኛል። አንድ ቀን መረረኝና፣ እኔ ከዘንዶ ጋር ምን ዝምድና አለኝ፣ እኔ የማውቀው ክፉ ግራዝማች ጥሩነህን ነው፣ እሳቸውን ይዤ ብመጣ ይህን ዘንዶሽን አገር ለቆ እንዲሰደድ አደርገው ነበር አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ላሚኔት ማሽኑ ዞረ። ጉድ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያውን ዴክ በክፉ ሰዎች ብቻ ሞላሁት። ግራዝማች፣ የግራዝማች ወሬ አቀባይ፣ የግራዝማች ነገረ ፈጅ፣ የግራዝማች በቅሎ ሳትቀር። ሰላም የተረፉትን ደጋግ ሰዎች ሰብስባ አንድ በአንድ ለቀመችኝ። ለካ ተንኮለኛ ሰው ተንኮል የሚሠራበት ደግ ሰው ካላገኘ ሥራ ፈት ነው! የእኔዎቹ እርስ በርስ ሲወጋጉ አለቁ። እኔ በዚህ ዓለም ላይ ደግ ሰው ለምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ለዴኩ ሚዛን ነው።

ስለዚህ እንደገና ተቀምጠን ሠራነው። አስታራቂ ቄስ ጨመርን። ዘር ቆጣሪዋን ባልቴት ጨመርን። የጨዋታው ራስ የሆነውን «ሠርግ» የሚባል ካርድም አበጀን፤ ሠርግ የጣለ ያሸንፋል፣ ተጋጣሚው ግራዝማች ጥሩነህን ካልጣለበት በቀር። ግራዝማች ከተጣሉ ሠርጉ ፈረሰ፣ አበቃ።

አንድ ነገር ቀረ። በእኛ አገር ሠርግ ዝም ብሎ ይጣላል እንዴ? እስከ ሰባት ቤት ዘር ሳይቆጠር? ሙሽሮቹ ዘመድ ሆነው ቢገኙስ? ጨዋታ ነው ተብሎ ነውር ይሠራል? ስለዚህ «የዘር ካርድ» የሚባል ፈጠርኩ። ሥዕል የለውም፤ «ሰባት ቤት» የሚል አርእስትና የሰባት አባቶች ስም ብቻ። ሠርግ የሚጥል ሰው አስቀድሞ የዘር ካርዶቹን መደርደር አለበት። ከዘር ካርዶቹ አንዱ ግራዝማች በድራማው ላይ የፈጠሩት የሐሰት ዘር ነው፤ አምስተኛው ቤት ላይ እንግዳሸት የሚባል ያልነበረ ባላምባራስ ሰክተው ሙሽሮቹን ዘመድ ያደረጉበት። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ማዕዘኑ ላይ በቀይ ቀለም ትንሽ ባርኔጣ አተምኩበት። ይህችን ባርኔጣ አደራ፣ እንዳትረሷት።

ዴኩ ሲያልቅ የእኔም ነገር አለቀ። ያለዚህች ልጅ መኖር እንደማልችል ገባኝ። ለአባቷ ሽማግሌ መላክ ሊኖርብኝ ነው። አባቷ ጋሽ አንለይ ዕድሜያቸውን በዳኝነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ሞጣ ላይ ሲያልፉ ያየ ሁሉ የኮቱን ቁልፍ የሚቆልፍላቸው ሰው ናቸው። ሁለት ነገር ይጠላሉ አለችኝ ሰላም። አንደኛው ካርታ የሚጫወት ሰው ነው። ሁለተኛው ድራማ ነው፤ ድራማ ሲጀምር ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ይህን ስሰማ፣ በል ይበልጣል፣ አለቀልህ አልኩት ራሴን። ይባስ ብሎ በሱቄ በር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ካርድ ስንጥል ስላየን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሞጣ ገብቷል። ወሬ እንደሆነ ሚኒባስ እስኪሞላ አይጠብቅም።

ሦስት ሽማግሌ መረጥኩ። ዋናው ጋሽ ይግዛው ናቸው፤ የሄዱበት ሽምግልና እንቢ አይባልም ይባልላቸዋል። ከእሳቸው ጋር የነፍስ አባቴ ቄስ አዱኛና ሱቁን ያከራዩኝ ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ይግዛው ዘሬን ስለማያውቁ ሰባት ቤቴን ጽፌ፣ ላብ እንዳያበላሸው ላሚኔት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ምን እንደነበረ ገምታችኋል። ኋላ እንደነገሩኝ ሲመጡ ሁለት አገኙ። ሁለቱም «ሰባት ቤት» ይላል። አንዱ ማኅተም የለውም፤ አንዱ ቀይ ማኅተም አለው። ታዲያ ማኅተም ያለውን ትቶ ማኅተም የሌለውን የሚያነሣ ማን አለ? እኔም ብሆን ያንኑ ነው የማነሣው። ስንት ቢሮ ማኅተም የለውም ተብለን የተመለስን ሰዎች ነን!

ጠዋት ተሳፈርን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ቄስ አዱኛ በመስኮት ተሳለሙልኝ። ደንቡ ሽማግሌ የላከ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ እንዲጠብቅ ነበር፤ እኔ ግን አንጀቴ አልችል ቢለኝ አብሬ ሄጄ ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። እነሱ ወደ ጋሽ አንለይ ቤት ሲያቀኑ እኔ ዴኬን ከኪሴ አውጥቼ መበወዝ ጀመርኩ፤ ሲጨንቀኝ ካርድ መበወዝ ልማዴ ነው። ስበውዝ አንድ የዘር ካርድ ብቅ አለ። አየሁት። የአባቴ ስም። የአያቴ ስም። የቅድመ አያቴ ስም። ጠዋት ጠረጴዛውን ስጠርግ ከዴኩ ጋር ጠርጌ ኪሴ ከትቼዋለሁ! እንግዲያ ጋሽ ይግዛው ይዘው የሄዱት የማንን አያት ነው? ሰላም ጋ ደወልኩ፤ አታነሣም። መልሼ ደወልኩ፤ አታነሣም።

አታነሣማ፤ ቀድማን ሞጣ አባቷ ቤት ገብታ መጋረጃ ጀርባ ቆማ እየሰማች ነው። የሆነውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆሙ። ቁጭ በሉ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ልጅዎን ለልጃችን፣ ልጃችንን ለልጅዎ ብለን መጣን አሉ። ጋሽ አንለይ መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ ልጁ ካርታ ይጫወታል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ «ኧረ በፍጹም!» አሉ። ቄሱ እንኳ! ኋላ ስጠይቃቸው፣ ካርድ እንጂ ካርታ አልተባልኩም ብለው ራሳቸውን ነጻ አወጡ።

እንግዲያው ዘሩ ይቆጠር ተባለ። ጋሽ ይግዛው ከደረት ኪሳቸው ባለ ማኅተሙን መዘዙ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዳምጤ» አሉ። የአባቴን ስም የሚያውቁት ቄስ አዱኛ ሳል አሉ። ጋሽ ይግዛው ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ የተባሉ መሰላቸው። «ወንዴ! ቸኮል! ተሰማ!» ቄስ አዱኛ እስኪደክማቸው ሳሉ፤ ጋሽ ሰይድ ውሃ ይምጣላቸው አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሆነና ጋሽ ይግዛው ቀጠሉ፤ «አምስተኛው ባላምባራስ እንግዳሸት!»

«ይቁም!» አሉ ጋሽ አንለይ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ይህ ማስረጃ ሐሰተኛ ነው! እንግዳሸት የሚባል ባላምባራስ በምድር ላይ አልተፈጠረም! ይህ ግራዝማች ጥሩነህ ያን የመሰለ ሠርግ ሊያፈርስ የሰካው ስም ነው፤ ባለፈው ሳምንት ባልቴቷ አጋልጣው የለም እንዴ?»

ማንም ሰው ማንንም አላየም። ከዚያ ከጓዳ የባለቤታቸው የእትዬ ማንጠግቦሽ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ፤ «አንቱ፣ ይህ ሁሉ ዳዊት ላይ ነው የተጻፈው?»

ሰላም ነጠላዋን ነክሳ ቁጭ አለች። ጋሽ ሰይድ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጋሽ አንለይ ግን ዳኛ ናቸው፤ ዳኛ ቢደነግጥም መዶሻው በእጁ ነው። ይህ ነገር ከየት መጣ ብለው ወደ ካርዷ ዞሩ። ጋሽ ይግዛው ከልጁ ጠረጴዛ ነው አሉ። ቄስ አዱኛም መዋሸቱ በዛባቸው መሰለኝ፣ ካርድ ነው፣ ልጁ የሠራው የጨዋታ ካርድ ነው ብለው ተናዘዙ። ነፍስ አባት ሲናዘዝ ያየሁት፣ ይቅርታ፣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ አንለይ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና «ተከሳሹ ይቅረብ» አሉ።

ሰላም ደወለችልኝ። «ና፤ ተጠርተሃል» ብላ ዘጋችው። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። እግሬ እንዴት አድርጎ እንዳደረሰኝ እኔ አላውቅም። መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ ይህች ልጅ ልትቀርብኝ ነው። ሌባ ነህ ተብዬ አይደለም፤ ሰካራም ነህ ተብዬ አይደለም፤ በአንዲት ጥፍር የማታህል ቀይ ባርኔጣ! ሰው ቢጠይቀኝስ ምን ብዬ ነው የማስረዳው? አስፋልቱ ላይ ልቀመጥና ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ገብቼ እጅ ነሣሁ። አንዲትም ሳላስቀር ተናገርኩ፤ ዴኩን፣ ባርኔጣዋን፣ ሻይ ቤቱን ሳይቀር። እውነተኛውን ሰባት ቤቴን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቆጠሩት፤ ከራሳቸው ጋር አስተያዩት፤ ዝምድና የለም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ዴኩን አስረከብኩ።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። መዝገብ የሚመረምሩ እንጂ መጫወቻ የሚያዩ አይመስሉም። ቄሱን ሲያዩ ጥሩ ነው አሉ። ባልቴቷን ሲያዩ ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት። ግራዝማች ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ተንኮል ከአሥር ስምንት? ስምንት? ያን ሁሉ ቤት ያፈረሰ ሰው ስምንት? ደግሞስ ሽማግሌ፣ ቄስ፣ በቅሎ ሳይቀር ያለበት ጦር እንዴት ዳኛ አይኖረውም? እኔ ይግባኝ ለማለት አፌን ስከፍት ጋሽ ይግዛው ረገጡኝ። አሥር አደርገዋለሁ ጌታዬ፣ ዳኛም እጨምራለሁ አልኩ።

ቁማር ይኑርበት አይኑርበት በቃል አይታወቅም፣ በተግባር ይታያል አሉ ቀጥለው። ካርዱን ለሁለት ተካፈልን። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ከበቡን። እመኑኝ፣ ሰውየው ደንቡን አንዴ ብነግራቸው ያዙት። ወሬ አቀባዬን በቄስ አስገዘቱት፤ በቅሎዬን በዕዳ ያዙብኝ። በመጨረሻ የዘር ካርዶቻቸውን ደርድረው ሠርግ የምትለዋን ጠረጴዛው ላይ ጠብ አደረጓት።

እኔ እጅ ውስጥ የቀሩት ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ግራዝማች ጥሩነህ ከነባርኔጣቸው! ብጥላቸው አሸነፍኩ። እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑና ንገሩኝ። የሰው ልጅ ለመለመን መጥቶ አባትየውን ማሸነፍ ጥጋብ ነው። እያወቁ መሸነፍም አሽቃባጭነት ነው፤ ዳኛ ደግሞ አሽቃባጭ ሲያይ ውሎ የጠገበ ሰው ነው። ካርዱን ደረቴ ላይ ለጥፌ አልፌያለሁ አልኳቸው።

ጋሽ አንለይ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። የያዝከውን አሳይ አሉ። አሳየሁ። ሠርግ የሚያፈርስ ካርድ በእጅህ ይዘህ ለምን አልጣልክም አሉ። ምን በወጣኝ እዋሻለሁ? «ሌላ ቦታ ቢሆን እጥለው ነበር፣ ጋሽ አንለይ። እዚህ ቤት ግን በጨዋታም ቢሆን ሠርግ አላፈርስም። ሰላምን እወዳታለሁ» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ፊት አይነገርም፤ አውቃለሁ። ግን ከአፌ ወጣ። ጋሽ ይግዛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጋረጃው ነቅነቅ አለ።

ጋሽ አንለይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ፣ ከዘመድ እንመካከርበታለን፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ብለው ፈረዱ። ካርዶቹን ሰብስበው ኮታቸው ኪስ ከተቱ። ኤግዚቢት ነው፣ ለማስረጃ ይያዛል አሉ።

ስንመለስ እኔ ተስፋ ቆርጬ መስኮቱን ተደግፌያለሁ። ጋሽ ይግዛው ሳቁብኝ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን የጠላ አባት ነው፣ ሁለት ሳምንት ማለት፣ አንተ ሞኝ፣ ግማሽ እሺታ ነው አሉኝ። መሐረብ ፍለጋ ሸሚዝ ኪሴ እጄን ስከት አንድ ነገር ነካኝ። ግራዝማች ጥሩነህ! በድንጋጤ ኪሴ ከትቻቸው ወጥቻለሁ። የቀረው ዴክ በሙሉ ሞጣ ቀርቶ እሳቸው ብቻ ከእኔ ጋር ቢቸና ሊገቡ ነው። ከሁሉ ሰው መርጦ የሚከተለኝ ይህ ሰውዬ!

ሳምንቱ እንዳለቀ፣ ቀጠሮው ገና ሳይደርስ፣ መታወቂያ ላሚኔት ሳደርግ ሦስት ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ከሞጣ ነው የመጣነው አሉ። ሊነግሩኝ ነው፤ እንቢ ተብሏል፤ እንቢታ ካልሆነ ቀጠሮ ሳይደርስ ምን ያስመጣቸዋል? ቁጭ በሉ አልኳቸው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ማሽኑ ውስጥ የገባው የሰው መታወቂያ ተጨማደደ፤ ባለቤቱ ይቅር ይበለኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አማትህ ጋሽ አንለይ ልከውን ነው» አሉ። አማትህ! ሰውየው ቃሉን ሳያውቁት አመለጣቸው፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ እንጂ ዘልዬ ላቅፋቸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው ብለው ቀጠሉ። ጋሽ አንለይና እትዬ ማንጠግቦሽ ኤግዚቢቱን በየቀኑ ይመረምሩታል። እትዬ ማንጠግቦሽ ሠርግ እየጣሉ ያሸንፋሉ። በየቀኑ ሠርግ፣ በየቀኑ ድል፤ የሚያፈርስባቸው የለም። አንድ ዕድሜ ሙሉ የፈረዱ ሰው በገዛ ቤታቸው መፈረጃ አጡ። ስለዚህ የተከበሩትን ግራዝማች ጥሩነህን ለቤታቸው ትሰጣቸው ዘንድ፣ እንቢ እንዳትለን በእግዚአብሔር ስም ለምነንሃል አሉ።

እኔ የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። መነጽር የለኝም እንጂ ቢኖረኝ አውልቄ እጠርገው ነበር። ግራዝማች የቤቴ ምሰሶ ናቸው፣ እንዲሁ ተነሥተው የሚሰጡ ሰው አይደሉም፣ ከዘመድ እመካከርበታለሁ፣ በቀጠሮው ቀን ተመለሱ አልኳቸው። ደግሞም፣ ከዚያ በፊት ግን አንድ የሰማሁት ነገር አለ፣ ጋሽ አንለይ ካርታ ይጫወታሉ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ «ኧረ በፍጹም!» አሉ።